አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት

አባቴ ቁጥር ያስተማረኝ አዛብቶ ነው። ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠኝና ጀርባዬን በጣቶቹ መታ መታ እያደረገ «አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት» ይለኛል። ሦስት ላይ ሲደርስ ወደ ጣራው ይወረውረኛል። አንደኛ ክፍል ገብቼ በዚያው ስቆጥር ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። መምህሯም «እናንተ ቤት ታናሽ ነው እንዴ ቀድሞ የሚወለደው?» አለችኝ። እያለቀስኩ ብመለስ፣ አባቴ ከጂፓችን ሥር ብቅ ብሎ በጥቁር ጣቱ አፍንጫዬን ነካኝና «ተያቸው። እነሱ የሚቆጥሩት በግ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው እሳት ነው» አለኝ።

አልገባኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር እንዳለ አመንኩ፤ አንዱ የትምህርት ቤት፣ አንዱ የአባቴ።

በዚያው ዓመት በበረዶው ወራት፣ አባቴ የሰው ካሚዮን እየነዳ ዶሎን የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ገደል ገባ። አስከሬኑን ያመጡት በራሱ ጂፕ ነው። ጂፑን ደጅ አቁመው ገቡ። እንደ አገራችን ልማድ ወንዶቹ በዱላ ተደግፈው ጮኹ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሙሾ አወረዱ። በማግስቱ ጠዋት ጂፑም ሞቶ ተገኘ። ሞተሩ ከጎኑ ተሰንጥቆ ከስንጥቁ በረዶ እንደ ነጭ ምላስ ወጥቷል። «በሐዘን ልቡ ፈነዳ» አልኩ። ትልልቆቹም አንገታቸውን ሲነቀንቁ ስላየሁ ልክ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን መኪና አለኝ፤ ልጄም ይነዳል፤ ዶሎንን ተሻግሬአለሁ ብሎ እስኪደውል ስልኩን ከእጄ አላወርድም። ስለዚህ ያ ምን እንደነበር ገብቶኛል። በዚያ ዘመን ራዲያተር ውስጥ የምንጨምረው የወንዝ ውሃ ነበር። ብርድ ሲበረታ ማታ ማታ መፍሰስ ነበረበት፤ አለዚያ ወደ በረዶ ተለውጦ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። በእኛ ቤት ውሃውን የሚያፈሰው ሰው ደጅ በተተከለው የሱፍ ድንኳን ውስጥ ተገንዞ ተኝቶ ነበር። ከእሱ በኋላ ማፍሰስ የነበረበት አያቴ ኢማናሊ ነው። ዕድሜውን ሁሉ የኅብረት እርሻውን ትራክተር የነዳ ሰው፣ ያን ምሽት ውሃ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳ። ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ሲተነፍስ አልሰማሁትም። በጂፑ በኩል ሲያልፍ ግን ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ካፓር መምጣት ጀመረ። ካፓር አሮጌ ብረት እየሰበሰበ ከድንበር ማዶ የሚያሻግር፣ ጥርሱ ወርቅ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነበር። የኅብረት እርሻው ፈርሶ ስለነበር በብረት የተሠራ ነገር ሁሉ ባለቤት አልነበረውም። ማረሻው፣ አልጋው፣ የትምህርት ቤታችን አጥር ሳይቀር በእሱ ካሚዮን ተጭኖ ሄደ፤ በምትኩ ዱቄት ይሰጣል። ካፓር ጂፓችንን ዞሮ ዞሮ አየና ጎኑን እንደ በሬ ቸብ ቸብ አደረገው። የአባቴ ሽታ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር፤ መቀመጫው ላይ፣ መሪው ላይ።

ከዚያ የባሰውን የሰማሁት ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነው። ሁለት ሴቶች ባልዲያቸውን አስቀምጠው ያወራሉ።

«ጂፑ ከሄደ ቡሩልም ትሄዳለች።»

«ወዴት?»

«ወደ ወላጆቿ ነዋ! ልጅ እግር መበለት ምን ይዛ ትቀመጥ?»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ የኢማናሊ ደም ናት። ትቀራለች።»

ቡሩል እናቴ ናት። ልጅቷ እኔ ነኝ። ባልዲውን ግማሹን እየደፋሁ ሮጥኩ። እናቴን ከጂፑ ጋር የሚያስር የማይታይ ገመድ ያለ መሰለኝ፤ ካፓር ጂፑን ሲጎትት እሷም ተከትላ የምትጎተት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ጂፑን፣ ቀጥሎ እናቴን ሆነ። አያቴ ጨካኝ ነው ብዬ ጠላሁት። ጉዳዩ እንደዚያ አልነበረም። ቤቱ የሚበላው እያጣ፣ እናቴ በጥቁር ሻሽ ተጠቅልላ ኩበት እየለቀመች እንዳታረጅ አዝኖላት «ወደ ወገኖችሽ ሂጂ፣ ሕይወትሽን ጀምሪ» ያላት እሱ ነበር። ጂፑ ቢነሣ ግን መንገደኛ እየጫነ እንጀራ ያመጣል፤ ያኔ ማንም የትም አይሄድም። ስለዚህ ለካፓር በሰው ፊት ቃል ገባለት። «በሚቀጥለው ስትመጣ ደህና አድርጎ ከሠራ የእኔ ነው። ካልሠራ ጫነው» አለ። የሽማግሌ ቃል ደግሞ ምራቅ ነው፤ ከተተፋ አይላስም።

የኅብረት እርሻው የድሮ ሊቀመንበር ጥቁር ቮልጋ መኪና ከቢሮው ጀርባ ተጥሎ የዶሮ ቤት ሆኖ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ ከተማ ሲሄድ «ሞተሩ ይጠቅምህ እንደሆን ውሰድ» ብሎት ነበርና አያቴና አጎቴ ታላይ ሞተሩን ፈተው በጋሪ አመጡት። ታላይ የአባቴ ታናሽ ነው፤ በግ ጠባቂ፣ ጉልበቱ ብዙ፣ ስለ መኪና የሚያውቀው መግፋት ብቻ። ከሞተሩ ሥር እንቁላል ተገኘ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያደርሱትን ገመዶች አይጥ በልቷቸው ስለነበር አያቴ አዲስ ገመድ ፈልጎ በገዛ እጁ ሰካቸው። ያ ትልቅ ጥቁር ነገር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወደ ጂፑ ደረት ሲወርድ ትንፋሼን ዋጥኩ። ለሞተ አካል የሌላ ሰው ልብ ሲገባለት እያየሁ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚፈቀድ አልመሰለኝም።

ካፓር በቀጠሮው መጣ፤ ካሚዮኑ ላይ ለመጫኛ የሚሆን ወፍራም ሳንቃ ይዞ።

«አስነሣው» አለ አያቴ።

ታላይ ቁልፉን አዞረ። ጂፑ አስነጠሰ፣ ተነፋረቀ፣ ከዚያ ተነሣ። ግን ምን ዓይነት አነሣሥ! እግሩ እንደተቆረጠ ፈረስ እያነከሰ፣ መላ አካሉ ይንዘፈዘፋል። ኮፈኑ ላይ የነበረው ካቻቢቴ ተንሸራቶ ወደቀ። በማርሚታው ድው ይላል፤ በካርቡራተሩ ደግሞ እሳት ይተፋል። ውሻችን ጭራውን ሸጉጦ ከጋሪው ሥር ገባ። እኔ ገባኝ፤ ልቡ አካሉን አልተቀበለውም። የሊቀመንበር ልብ በሹፌር ደረት ውስጥ አልኖርም አለ።

የአያቴ እኩያ ጁማሽ ሊያይ መጥቶ ነበር። ጁማሽ የእርሻው የፈረስ ሐኪም ስለነበር የማይመረምረው ነገር የለም። የጥድ በትር አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን በጥርሱ ይዞ፣ ጆሮዎቹን በጣቶቹ ደፍኖ አዳመጠ።

«ሆዱን ነው።»

«ሆድ የለውም፣ አንተ ሽማግሌ!» አለ አያቴ።

«የማይበላ ከሆነ ቤንዚኑ የት ይገባል?»

አያቴ አልሳቀም። «ታላይ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀል።»

ታላይ በጨርቅ ይዞ የመጀመሪያውን የካንዴላ ገመድ ነቀለ። ሞተሩ ሊጠፋ ተንገዳገደ። መለሰለት። ሁለተኛውን ነቀለ፤ ምንም። ሦስተኛውን ነቀለ፤ ምንም፤ ይልቅስ ታላይ «እህ!» ብሎ ዘለለ፤ እሳቱ ክንዱን መትቶት ነው። አራተኛው ሲነቀል እንደገና ተንገዳገደ።

«መካከለኞቹ ሁለቱ ሞተዋል» አለ አያቴ።

ሞተሩን አጥፍተው የሁለቱን ካንዴላዎች ፈቱ። በቤንዚን ረጥበዋል። ገመዶቹን ብረት አጠገብ ይዘው ሲሞክሩ ሰማያዊ እሳት ጠብ ጠብ ይላል። አያቴ የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ታላይ ሞተሩን ሲያዞረው ጣቱ ተስፈንጥሮ ወጣ። ቤንዚን አለ፤ እሳት አለ፤ ትንፋሽ አለ። አያቴ ሁሉን መልሶ አሰረና አስነሣው። ያው ነው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የሻይ ማፍያውን ሳሞቫር ልታቀጣጥል ኩበት ይዛ። አየኋት። አንድ እርምጃ ወደ እነሱ ሄደች፣ አፏን ከፈተች፣ የአያቴን ፊት አየች፣ ተመለሰች። የሐዘን ዓመቷን ያልጨረሰች ምራት በእንግዳ ፊት የባሏን አባት አታርምም፤ ይህ የታወቀ ነው። ዛሬ ሳስበው ግን ያስቆማት ሥርዓቱ ብቻ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን ሞተር በገዛ እጄ ገደልኩት ብሎ በልቡ የሚያስብ ሽማግሌን፣ ሁለተኛውንም አንተ ነህ ያበላሸኸው ብላ በካፓር ፊት ብትነግረው፣ ጂፑ ይድን ነበር፤ እሱ ግን አይነሣም ነበር።

«ኢማናሊ፣ ወንድሜ» አለ ካፓር በለስላሳ ድምፁ፣ «ብረት ነው። ብረት ያረጃል። ሻይ እንጠጣና እንጫነው።»

አያቴ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጠረገ፣ ጠረገ፣ ጨርቁን ጣለው። «ሻይ ይቅረብ» አለ።

አራቱ በማዕዱ ጨርቅ ዙሪያ በዕድሜ ተራ ተቀመጡ። አያቴ በክብር ቦታው፣ ቀጥሎ ጁማሽ፣ ቀጥሎ ካፓር፣ ከበሩ አጠገብ ታላይ። በዘይት የተጠበሰው ሊጥ፣ ቦርሶክ፣ ተበተነ፤ ቅቤ ቀረበ። እናቴ ከሳሞቫሩ አጠገብ ተንበርክካ ቀዳች፤ እንደ አገራችን ወግ ለክብር ሲኒውን እስከ ግማሽ ብቻ። መጀመሪያ ለአያቴ ሰጠች። ቀጥላ ለጁማሽ። ቀጥላ እጇን ካፓርን አሳልፋ ለታላይ ዘረጋች።

የታላይ ጆሮ ቀላ። «እትዬ፣ ተሳስተሻል» አለ በሹክሹክታ። እሷ ሲኒውን ፊቱ አስቀመጠችና የመጨረሻውን ለካፓር ሰጠች።

ካፓር ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «በዚህ ቤት ውርንጭላ ነው እንዴ ቀድሞ ውሃ የሚጠጣው?»

«ሐዘን ላይ ናት» አለ ጁማሽ ቦርሶኩን እያላመጠ። «ያኔ ሚስቴ ስትሞት እኔ ጨው ሻይ ውስጥ፣ ስኳር ሾርባ ውስጥ ነበር የምጨምረው። እስካሁንም አልተመለሰልኝም።»

ጠጡ። ባዶ ሲኒዎቹ ወደ እናቴ ተመለሱ። «አሁን ታስተካክለዋለች» ብዬ ከበሩ ጀርባ ጸለይኩ። ለአያቴ ሰጠች። ለጁማሽ ሰጠች። ለታላይ። ከዚያ ለካፓር።

«ቡሩል!» አለ አያቴ።

በስሟ ጮሆ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። እናቴ አበደች አልኩ። ወይ ደግሞ ሆን ብላ ነው፤ ከሚያባርሯት ራሷ ልትሄድ ፈልጋ ነው። ሁለቱም አንዱ ከሌላው የባሰ ነበር።

እናቴ ቀና አላለችም። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የልጅዎ ሥርዓት እንዲህ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ውሸት ነበር። አባቴ ታናሹን ከታላቁ አስቀድሞ አያውቅም። ካፓር ሲኒውን አስቀመጠ። አያቴ ሊናገር ቀና አለ። ዓይኑ ከሲኒ ወደ ሲኒ ሄደ። ከራሱ ወደ ጁማሽ፣ ከጁማሽ ወደ ታላይ፣ ከታላይ ተመልሶ ወደ ካፓር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ ሻዩን ሳይነካ ተነሣ።

«ካፓር፣ ሻይህን ጠጣ» አለ። «የረሳሁት ትንሽ ነገር አለ።»

ተከትዬው ወጣሁ። ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ወደ ውስጥ አስገባ። ተጠግቼ ከጎማው አጠገብ ቆምኩ። አያቴ እያጉረመረመ ነበር፤ ጸሎት መሰለኝ። ስሰማው ግን በመላ አካሌ ብርድ ገባ።

«አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት» ይላል አያቴ። «አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት።»

የአባቴ ቁጥር! ማንም የማያውቀው፣ ከመምህሯ የደበቅኩት፣ በጀርባዬ ላይ ተጽፎ የቀረው ቁጥር፣ ከአያቴ አፍ ይወጣል። አባቴ መጥቷል አልኩ። በአያቴ ጉሮሮ ገብቶ ለዚያ እንግዳ ልብ ስሙን እየነገረው ነው። የአያቴ ወፍራም ጣቶች ሁለት ገመዶች ነቅለው ቦታቸውን ሲያለዋውጡ አየሁ፤ የአባቴን ጣቶች ግን ነበር የማየው።

«ታላይ፣ አስነሣ!»

ጂፑ አላስነጠሰም። አልተፋም። አንዴ ዞረና ተነሣ። ድምፁ ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼው የማላውቀው ነው፤ ድመት ደረት ላይ ስትተኛ እንደምታሰማው ያለ፣ ግን የቤት ያህል ትልቅ። መሬቱ በጫማዬ ሥር ይንሾካሾካል። ጁማሽ ሲኒውን ይዞ ወጥቶ ነበር። ሲኒውን ከነሻዩ ከጎማው በላይ ባለው የጂፑ ክንፍ ላይ አስቀመጠውና ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። የሻዩ ፊት ትንሽ ይርገበገባል እንጂ ጠብ የሚል የለም።

በመጨረሻ ካፓር ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋና «ይሄ ብረት አይደለም፤ ፈረስ ነው። ፈረስ አልጭንም» አለ። ሳንቃውን ወደ ካሚዮኑ መለሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሁን ነው ይህን የምለው።

ካፓር ከሄደ በኋላ አያቴ ቁልፉን ከታላይ ተቀብሎ በመዳፉ ትንሽ መዘነውና ለእኔ ሰጠኝ።

«ኡልካን፣ ለእናትሽ ስጫት። ከነገ ጀምሮ ለእንግዳ ሻይ የሚቀዳ ሌላ ሰው ይፈለግ በያት። ለዚህ ቤት ሻይ ከእንግዲህ አትቀዳም።»

ዓለም ዞረብኝ። አባረራት! ጂፑ ዳነ፣ እናቴ ግን በሁለት ሲኒ ሻይ ተባረረች፤ የምትሄድበትን ጂፕ እንኳ አዘጋጅቶ ሰጣት። ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ልጥለው አሰብኩ። ግን አያቴ እያየኝ ስለነበር እያለቀስኩ ወስጄ ሰጠኋት፤ መልእክቱንም አንድ ቃል ሳልቀንስ ነገርኳት። እናቴ ቁልፉን አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ተርገፈገፈ። የምታለቅስ መሰለኝ። እየሳቀች ነበር፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ነይ፣ ግቢ» አለችኝ።

«ወዴት ልንሄድ ነው?»

«እስከ ድልድዩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንመለሳለን። እራት ማን ሊሠራ ነው?»

አላመንኳትም። እስከ ድልድዩ መንገዱን በሙሉ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ ነበር። አባቴ መንዳት እንዳስተማራት እንኳ አላውቅም ነበር፤ ማርሹን ስትቀይር ግን ልክ እንደ እሱ ከንፈሯን ትነክሳለች። ድልድዩ ላይ አዞረችው። ቤታችን ሰማያዊ መስኮቶቹን ይዞ እንደገና ከፊት ለፊታችን ሲመጣ ያኔ ቀሚሷን ለቀቅኩ።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመንደራችን ናሪን ከተማ ድረስ መንገደኛ ስታመላልስ ኖረች። ምጥ የያዛቸውን፣ ለፈተና የሚሄዱትን፣ አንዴም ሙሽራ። ወደ ወላጆቿ የሄደችው ለጥየቃ ብቻ ነው። ስለዚያ ሻይ እሷም አያቴም አላነሡም፤ ዝም አይነቅዝም። እኔም አድጌ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ያ ቀን አባቴ የመጣበት ቀን እንደሆነ በልቤ ይዤ ቀረሁ። እናቴ ያን ዕለት በድንጋጤ እንደተሳሳተች፣ አያቴም በደስታው ይቅር እንዳላት አምን ነበር።

አያቴ በሞተ በአርባኛው ቀን ግን ሽማግሌዎቹ እዚያው ክፍል ተቀመጡ። የአያቴ የክብር ቦታ ባዶ ነበር፤ ማንም አልደፈረውም። ቀጥሎ ጁማሽ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ ጆሮው ግን ንቁ። ቀጥሎ የመስጊዱ ኢማም። ከበሩ አጠገብ ሽበት የጣለበት ታላይ። ልጆች ለመቅዳት ሲነሡ እናቴ «ዛሬ እኔ ነኝ» አለችና ከሳሞቫሩ አጠገብ ተንበረከከች።

መጀመሪያ ባዶው ቦታ ላይ አንድ ሲኒ አስቀመጠች። ቀጥላ ለጁማሽ ሰጠች። ከዚያ እጇ ኢማሙን አልፎ ወደ ታላይ ሄደ። ያ የልጅነት ፍርሃት ተመልሶ መጣ፤ አሁን ምን ይሉ ይሆን አልኩ። ኢማሙ ቅንድቡን አነሣ። የመጨረሻው ሲኒ ፊቱ ሲቀመጥለት፣ በጀርባዬ ላይ አራት ጣቶች ተራ በተራ ሲመቱኝ ተሰማኝ።

አራቱ ካንዴላዎች እሳት የሚያፈልቁት በተራ ነው። በትራክተር ላይ ያረጀው አያቴ ገመዶቹን በትራክተሩ ተራ ሰክቷቸው ነበር፤ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። የጂፑም የቮልጋውም ሞተር እሳት ግን በአባቴ ተራ ነው የሚሄደው። እናቴ ለአባቴ መብራት እየያዘች ያንን ተራ ተምራለች፤ በእንግዳ ፊት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራት በሲኒ ተናገረችው፤ አያቴም ሰማት። እኔ በፍርሃት ታውሬ ስለነበር ነው ያልገባኝ።

ጁማሽ ሲኒውን አነሣ። ወደ አፉ ግን አልወሰደውም። ጆሮውን ወደ ሲኒው አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ ጥንቱ አዳመጠ።

«ልክ ነው» አለ። «በአራቱም ይሠራል።»